ቶሎ ለማያልፍ መከራ፦ ክርስቲያናዊ እምነት በረጅም ችግር ውስጥ ብርታት የሚሆነው እንዴት ነው?

ድንገት የመጣ ሐዘንና ዓመታት የሚቆይ መከራ የሚጠይቁት ብርታት አንድ አይደለም። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ እድርተኛው ይሰበሰባል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፣ ዘመድ ከሩቅ ይደርሳል፤ ሐዘንተኛ ብቻውን አያድርም። ኩላሊቷ ደክሞ በየሳምንቱ ለእጥበት የምትመላለስ እናት ግን ድንኳን የሚተክልላት የለም። የአእምሮ ሕመም ያለበትን ልጁን ለዓመታት የሚያስታምም አባት፣ ከቀዬው ተፈናቅሎ በመጠለያ ክረምት በክረምት ላይ የሚደራረብበት አባወራ፣ በሰው አገር አሠሪዋ ፓስፖርቷን የያዘባት ወጣትም እንደዚሁ ናቸው። መከራቸው የጀመረበትን ቀን ያውቁታል፤ የሚያበቃበትን ግን ማንም አይነግራቸውም። በመጀመሪያው ወር ደጃቸውን ያጨናነቀው ጠያቂም በሁለተኛው ዓመት እየሳሳ ይሄዳል።

በአገራችን እንዲህ ያለ ሰው «እንዴት ነህ?» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይጀምራል። ይህን ተራ የሰላምታ ልማድ ነው ብሎ ማለፍ ትልቅ ስሕተት ነው። ብዙዎች በእርግጥ በእምነታቸው ቆመዋል። ነገር ግን እምነቱ የሚያቆማቸው በምን በኩል ነው? ለአንዱ ብርታት የሆነው እምነት ለሌላው ተጨማሪ ሸክም የሚሆነውስ ለምንድን ነው? ይህ ዳሰሳ ቅዱሳት መጻሕፍት፣ የበረሃ አባቶች፣ በስደትና በእስር ያለፉ የኢትዮጵያ ምእመናን እንዲሁም የሥነ ልቦናና የጤና ተመራማሪዎች የሰጡትን መልስ ጎን ለጎን አስቀምጦ ይመዝናል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ረጅም መከራን የሚያሻግረው እምነት የመከራውን ማብቂያ ቀን ቆርጦ የሚናገር እምነት አይደለም። ማልቀስን የሚፈቅድ ጸሎት፣ ስሜት ሲደርቅም የማይቋረጥ ሥርዓት፣ ሸክም የሚካፈል ማኅበር ያለው እምነት ነው። ከእነዚህ አንዱ የጎደለበት ሰው የሚዝለው እምነቱ ደካማ ስለሆነ ሳይሆን ብቻውን ስለተተወ ነው።

መጻሕፍቱ ምን ያሳያሉ?

መጽሐፍ ቅዱስ ስለ መከራ አንድ ወጥ መልስ የለውም፤ በተለያየ ጭንቅ ውስጥ ላሉ ሰዎች በተለያየ ዘመን የተጻፈ ነውና። በስብከት ብዙ ጊዜ የምንሰማው የኢዮብ ታሪክ «ታገሠ፤ ሁሉም እጥፍ ሆኖ ተመለሰለት» በሚል ያጥራል። መጽሐፉን ዳር እስከ ዳር ያነበበ ሰው የሚያገኘው ኢዮብ ግን ሌላ ነው። የተወለደበትን ቀን ይረግማል፣ ከፈጣሪው ጋር ፊት ለፊት መሟገት ይሻል፣ ለምን እንደተመታ ይጠይቃል። ሦስቱ ወዳጆቹ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ዝም ብለው ሲቀመጡ መልካም አደረጉ፤ ስሕተታቸው የጀመረው መናገር ሲጀምሩ ነው። ንግግራቸው ቢረዝምም ፍሬ ነገሩ አንድ ነው፦ ይህ የደረሰብህ በድለህ ነው። በመጨረሻ የእግዚአብሔር ቁጣ የወረደው በእነዚህ ወዳጆች ላይ ሲሆን፣ በቅንነት የተናገረው ኢዮብ እንደሆነ ተነግሯቸዋል። ስለዚህ በመከራ ውስጥ ያለ ሰው አምርሮ መናገሩ ከእምነት አያስወጣውም። ከሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ቆሞ የበደል ምርመራ የሚያካሂድ ጠያቂ ግን የኢዮብን ወዳጆች ስሕተት ይደግማል።

መዝሙረ ዳዊትም ይህንኑ ያጸናል። ሊቃውንት ከመዝሙራቱ ሲሶ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ የልቅሶና የአቤቱታ መዝሙራት ብለው ይመድቧቸዋል። አብዛኞቹ በሐዘን ጀምረው በምስጋና ያበቃሉ። በዕብራይስጡ ቁጥር 88ኛ፣ በግዕዙ 87ኛ የሆነው መዝሙር ግን የምስጋና መዝጊያ የለውም፤ ጨለማ ውስጥ እንዳለ ያበቃል። መጽሐፉን ያቆዩልን አባቶች የሚያጽናና መደምደሚያ አልቀጠሉለትም፤ እንዳለ ተቀብለው እንዲጸለይ አድርገዋል። ዛሬ መልስ ያላገኘ ሰው አቤቱታ ቅዱስ ጸሎት ሆኖ ሊቀርብ እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

ለርእሳችን ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው በትንቢተ ኤርምያስ 28ኛና 29ኛ ምዕራፍ ያለው ክርክር ነው። የይሁዳ ሰዎች ከፊሎቹ ወደ ባቢሎን ተግዘዋል። ሐናንያ የተባለ ነቢይ በሕዝብ ፊት ተነሥቶ የባቢሎን ቀንበር በሁለት ዓመት ውስጥ ይሰበራል አለ፤ ኤርምያስ አንገቱ ላይ ያደረገውንም የእንጨት ቀንበር ሰበረው። ሕዝቡ መስማት የሚወደው ይህንን ነበር። ኤርምያስ ግን ለምርኮኞቹ ሌላ ዓይነት ደብዳቤ ላከ፦ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ተጋቡና ውለዱ፣ ለምትኖሩባት ከተማ ሰላም ጸልዩ፤ ነገሩ ሰባ ዓመት ነው። ሰባ ዓመት ማለት ደብዳቤውን ከሚያነቡት ብዙዎቹ አገራቸውን ሳያዩ ይሞታሉ ማለት ነው። ሆኖም ከሁለቱ ነቢያት እውነተኛው ተስፋ የነበረው ኤርምያስ ዘንድ ነው። የሐናንያ ተስፋ ሦስተኛው ዓመት ሲብት ባዶ ይሆናል፤ የኤርምያስ ተስፋ ግን ሰውን በመከራው መካከል እንዲኖር፣ እንዲሠራ፣ እንዲወልድ ያስችለዋል። ረጅም መከራ ውስጥ ያለን ሰው የሚያጽናና ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ የማንን መልእክት እንደያዘ ራሱን ሊመረምር ይገባል።

በአዲስ ኪዳን ሐዋርያው ጳውሎስ ሥጋውን ስለሚወጋው እሾህ ሦስት ጊዜ እንደለመነ ይናገራል። እሾሁ ምን እንደነበረ አልተገለጠም፤ እንዳልተነቀለ ግን ተጽፏል። የተሰጠው መልስ ድካሙን የሚሸከምበት ጸጋ ነበር። ይኸው ጳውሎስ በእስር ሳለ ለጢሞቴዎስ በተጻፈው ሁለተኛ መልእክት በርኖሱን፣ መጻሕፍቱንና የወዳጆቹን መምጣት ይለምናል፤ ክረምት ሳይገባ እንዲደርሱለትም ያሳስባል። በጸጋ የሚኖር ሰው ብርድ ይበርደዋል፤ ሰውም ይናፍቀዋል። ጌታም በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍለት ሲለምን ደቀ መዛሙርቱ አብረውት እንዲተጉ ጠይቋል። ብርታትን ከሰው አለመፈለግ መንፈሳዊነት ቢሆን ኖሮ እርሱ ባላደረገው ነበር።

ስሜት ሲደርቅ

መከራ ሲረዝም ከሕመሙ ይልቅ የሚከብደው መታከት ነው። በመጀመሪያው ዓመት እንባ የነበረበት ጸሎት በአምስተኛው ዓመት ደረቅ ይሆናል፤ ሰውም «እምነቴን አጣሁ» ብሎ ይደነግጣል። ይህንን ከማንም ቀድመው በጥልቀት ያጠኑት የግብፅ በረሃ መነኮሳት ናቸው። በአራተኛው መቶ ዘመን የኖረው አባ ኤቫግሪዮስ የቀትር ጋኔን ስለሚባለው ፈተና ጽፏል። ፀሐይ የቆመች ይመስላል፣ ቀኑ አልመሽ ይላል፣ መነኩሴው በኣቱን ይጠላል፣ ወንድሞቹ ፍቅር የሌላቸው ይመስሉታል፣ ሌላ ቦታ ቢሄድ የሚሻለው ይመስለዋል። ለዓመታት ሕመምተኛ ያስታመመ ሰው ይህን ሲያነብ የራሱን ታሪክ ያገኝበታል።

በእኛም ቤተ ክርስቲያን ከፊልክስዩስና ከአረጋዊ መንፈሳዊ ጋር ከሦስቱ መጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ ሆኖ የሚጠናው የማር ይስሐቅ ትምህርት ለዚህ ሰዓት የሚሆን እጅግ ርኅሩኅ ምክር አለው። የሰባተኛው መቶ ዘመን አባት የሆነው ይስሐቅ ዘነነዌ፣ ነፍስ በጨለማ ተውጣ መጸለይ ሲያቅታት ሰው ራሱን በልብሱ ተከናንቦ ይተኛ፣ ሰዓቱ እስኪያልፍ ይጠብቅ፣ በኣቱን ግን አይልቀቅ ይላል። ተጋደል፣ ጩህ፣ ድል አድርግ አላለም። ካለህበት አትውጣ ብቻ አለ። ይህን የመከረው ዕድሜውን በጸሎት የፈጀ መናኝ መሆኑ፣ የደከመ ምእመን ስለ ድካሙ እንዳያፍር ይረዳዋል።

ከዘመናችን የካልካታዋ ማዘር ቴሬዛ ምሳሌ ተነሥቶ የማያልቅ ነው። ካረፉ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2007 እ.ኤ.አ.፣ ለነፍስ አባቶቻቸው የጻፏቸው ደብዳቤዎች ታትመው ሲወጡ፣ ለሃምሳ ዓመት ገደማ የእግዚአብሔር መገኘት እንደማይሰማቸው፣ ውስጣቸውም ጨለማ እንደነበረ ዓለም አወቀ። አንዳንዱ ይህን የእምነት መጥፋት ማስረጃ አድርጎ ተቸ። እኔ ግን ተቃራኒውን አያለሁ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ጸሎታቸው አልተቋረጠም፤ ከጎዳና የተነሡ በሽተኞችም በማኅበራቸው እጅ ታጥበዋል፣ ጎርሰዋል። እምነት በስሜት ብቻ የሚለካ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ሥራ ባልኖረ ነበር።

ሥርዓት የሚሸከመው ሸክም

ስሜት ከደረቀ በኋላ ሰውን የሚያቆመው የለመደው ሥርዓት ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሀብት በዚህ ረገድ ሰፊ ነው። ውዳሴ ማርያም በሰባቱ የሳምንት ቀናት ተከፍሎ ይጸለያል፤ ዳዊትም በየዕለቱ ተከፍሎ ይደገማል። ይህ ማለት የታከተ ሰው ዛሬ ምን ብዬ ልጸልይ ብሎ ከባዶ መነሣት አያስፈልገውም። የራሱ ቃል ሲያልቅ አባቶቹ ያቆዩለት ቃል ይጠብቀዋል። አያቶቻችን ዳዊታቸውን በማኅደሩ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው በስደትም በዘመቻም መዞራቸው ያለ ምክንያት አልነበረም።

የዓመቱ ቀመርም ለሐዘን ቦታ ይሰጣል። የአብይ ጾም 55 ቀናት በሰሙነ ሕማማት ስግደትና ዜማ ተጠናቀው ወደ ትንሣኤ ያደርሳሉ፤ ያዘነ ሰው በዚያ ሳምንት ሐዘኑ የመላው ቤተ ክርስቲያን ሐዘን ይሆንለታል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው የዘመነ ጽጌ 40 ቀን ደግሞ እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ የተሰደደችበትን መከራ የሚያዘክር ነው፤ ከማኅሌተ ጽጌ ጋር ሰቆቃወ ድንግል ይዜማል፤ በማግስቱም የቁስቋም በዓል ይከበራል። ልጁን ለዓረብ አገር የሸኘ ወይም ራሱ ቀዬውን ጥሎ የወጣ ሰው ይህን ማኅሌት ሲቆም ስደቱ በቤተ መቅደስ ስም እንዳለው ይረዳል።

በወንጌላውያን ዘንድ ሥርዓቱ መልኩ ይለያል እንጂ ሥራው ተመሳሳይ ነው። የአዳር ጸሎት፣ የጾም ጸሎት ሳምንት፣ የቤት ለቤት ኅብረት፣ በቃል የተያዘ ጥቅስና መዝሙር ሕመምተኛው ራሱ አቅም ሲያጣ የሚይዙት ገመዶች ናቸው። በካቶሊካውያን ዘንድም በመቁጠሪያ የሚደገመው ጸሎት እንዲሁ ያገለግላል። ሥርዓት ልብ የሌለው ድግግሞሽ ሊሆን እንደሚችል አልክድም፤ ነቢያቱም ገሥጸውበታል። ነገር ግን ልቡ የደከመን ሰው «ከልብህ ካልሆነ አትጸልይ» ማለት ከመስጠም የሚያድነውን የቀረለትን አንድ መያዣ መንጠቅ ነው።

ኢትዮጵያውያን በረጅሙ ፈተና

ስለ እምነትና መከራ ስናወራ ቶሎ የሚታወሱን ሰማዕታት ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሺስት ጥይት የተገደሉት አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ ሐውልታቸው ቆሟል፤ ይገባቸዋልም። ዓመታት በዘለቀ እስርና መገለል ያለፉት ግን ሐውልት የላቸውም፤ ትምህርታቸው የተመዘገበው በማኅበሮቻቸው ታሪክ ውስጥ ነው።

በወላይታ የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሚሲዮናውያን በ1920 ዓ.ም. ሥራ ጀምረው በ1929 ዓ.ም. በጣሊያን ወራሪ ተገደው ሲወጡ ትተውት የሄዱት ምእመን ሃምሳ ገደማ ነበር። ከዚያ በኋላ መሪዎች ታሰሩ፣ ተገረፉ፤ የጸሎት ቤቶችም ፈረሱ። በዚያ ዘመን እስረኛን የሚመግበው ወህኒ ቤቱ ሳይሆን ቤተሰቡ ነበርና ምእመናኑ ለታሰሩት ወንድሞቻቸው ስንቅ ይዘው መመላለሳቸው የአካባቢውን ሰው አስደነቀ፤ ዝምድና ሳይኖር እንዲህ መተሳሰብ አዲስ ነገር ነበር። ወራሪው ተባሮ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ያገኙት ማኅበር በሚሽኑ ዘገባ 10,000 ያህል ደርሶ ነበር። ለዚህ ዕድገት ከአንድ በላይ ምክንያት ይኖረዋል። ከሁሉ በላይ የሚታየኝ ግን ያ ስንቅ ነው።

በደርግ ዘመን ፈተናው ሁሉንም አብያተ ክርስቲያናት ነካ። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ ከመንበራቸው ተነሥተው ታስረው በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም በዚያው ዓመት ሐምሌ 21 ቀን ተይዘው ተገደሉ፤ ከአገር የሚወጡበት ዕድል ቀርቦላቸው መንጋዬን ጥዬ አልሄድም ብለው ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ደግሞ ያለ ፍርድ አሥር ዓመት ገደማ ታሰሩ፤ በምርመራም ክፉኛ ተሠቃዩ። የባላቸው አስከሬን የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። የቄስ ጉዲናን ሞት የሚያውቅ ብዙ ነው። የወይዘሮ ፀሐይን አሥር ዓመት የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ስለ ረጅም መከራ የሚያስተምረን ግን ይህ ሁለተኛው ነው፤ መቼ እንደምትፈታ ሳታውቅ፣ ባሏ ይኑር ይሙት ሳይነገራት፣ ልጆቿን ሳታሳድግ ቀን በቀን የቆመች ሴት ታሪክ ነውና።

የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በጥር 1974 ዓ.ም. ስትዘጋ ንብረቷ ተወረሰ፣ መሪዎቿ ለዓመታት ታሰሩ። አባላቷ 5,000 ያህል ነበሩ። ምእመናኑ በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ እየተሰባሰቡ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እየጸለዩ፣ ተራ አባላት፣ በተለይም ሴቶች፣ የማስተማሩንና የመጠየቁን ኃላፊነት ተረክበው ዘጠኝ ዓመት ዘለቁ። በ1983 ዓ.ም. በይፋ ሲወጡ ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ ሆኖ ተገኘ። ትልቅ አዳራሽና ታዋቂ ሰባኪ የሌለበት ማኅበር እንዲህ የጸናው እያንዳንዱ ሰው በስም የሚታወቅበት፣ የቀረ ሰው የሚጠየቅበት ትንሽ ስብስብ ስለነበረ ነው።

ይህን ስናወሳ ግን ስደት ለቤተ ክርስቲያን ይጠቅማል ወደሚል ድምዳሜ መንሸራተት የለብንም። በዚያው ዘመን የተሰበሩ፣ ትዳራቸው የፈረሰ፣ ጤናቸው የተቃወሰ፣ እምነታቸውን የተዉ ብዙዎች ናቸው። የጸኑትን ስናከብር የወደቁትን ልንፈርድባቸው አይገባም።

ዛሬም ፈተናው በሌላ መልክ አለ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በቤት ሠራተኝነት የተሰማሩ እህቶቻችን በአሠሪ ፈቃድ በታሰረ የሥራ ሥርዓት ውስጥ፣ ብዙ ጊዜም የዕረፍት ቀን ሳይኖራቸው ይኖራሉ። በሳዑዲ ዓረቢያ ክርስቲያናዊ አምልኮ በይፋ አይፈቀድም፤ በታኅሣሥ 2011 እ.ኤ.አ. በጅዳ በአንድ ቤት ለጸሎት የተሰበሰቡ 35 ኢትዮጵያውያን፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ታስረው ከወራት በኋላ ተባረዋል። እንዲህ ባለ ቦታ ያለች ልጅ ማታ በስልኳ የምትሰማው ቅዳሴ ወይም ዝማሬ፣ በድብቅ የምታደርሰው ውዳሴ ማርያም የመጨረሻ መጠጊያዋ ነው። እንደ ቤይሩት ባሉ ከተሞች ደግሞ ቤተ ክርስቲያን መገናኘት ማለት ሥራ ማጣቷን፣ መታመሟን፣ መበደሏን የምትነግረው ሰው ማግኘት ነው።

ተመራማሪዎች ያዩት

የእምነትን ኃይል በጥናት መለካት ከባድ ቢሆንም የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ጠቃሚ ነገር አግኝተዋል። በዚህ ዘርፍ በሰፊው የሚታወቀው አሜሪካዊው ኬኔት ፓርጋመንት ሰዎች በመከራ ጊዜ እምነታቸውን የሚጠቀሙበትን መንገድ በሦስት ይከፍላል። አንዱ ሁሉን ለእግዚአብሔር ትቶ እጁን ያጣጥፋል፤ ሌላው እግዚአብሔር አቅም ሰጥቶኛል ብሎ ብቻውን ይታገላል፤ ሦስተኛው ከእግዚአብሔር ጋር አብሮ ይሠራል፣ እየጸለየ መድኃኒቱን ይውጣል፣ እየታመነ ጠበቃ ያቆማል። በአመዛኙ የተሻለ ውጤት የታየው በዚህ በሦስተኛው መንገድ ነው።

ፓርጋመንትና ባልደረቦቹ በ2001 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ልብ ሊባል ይገባዋል። ሆስፒታል የተኙ 596 አረጋውያን ሕመምተኞችን ለሁለት ዓመት ተከታትለው፣ እግዚአብሔር ትቶኛል፣ አይወደኝም፣ ወይም ይህ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው በመንፈስ የሚታገሉት የመሞት ዕድላቸው ከፍ ብሎ አገኙት። እምነት በጤና ላይ የሚሠራው በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይደለም ማለት ነው። እግዚአብሔር አባት ሆኖ ሲታሰብ የሚያጸናው እምነት፣ አሳዳጅ ሆኖ ሲታሰብ ያደክማል። ስለዚህ ሕመምተኛን «ይህ የኃጢአትህ ቅጣት ነው» የሚል ሰው በቃሉ የሚያደርሰው ጉዳት ቀላል ላይሆን ይችላል።

በአሜሪካ 74,534 ነርሶችን ለ16 ዓመት የተከታተለ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም አለ። በሳምንት ከአንድ ጊዜ በላይ ወደ አምልኮ የሚሄዱት፣ ፈጽሞ ከማይሄዱት ጋር ሲነጻጸሩ በጥናቱ ጊዜ የመሞት ዕድላቸው በ33 በመቶ ዝቅ ብሏል። እንዲህ ያለ ጥናት መንስኤን በእርግጠኝነት አይናገርም፤ በኢትዮጵያ ላለ ሰውም በቀጥታ አይገለበጥም። ተመራማሪዎቹ ካነሷቸው ምክንያቶች አንዱ ግን በጉባኤ የሚገኘው የሰው ድጋፍ መሆኑ በወላይታ ወህኒ ደጅ የታየውን ያስታውሳል።

እምነት ሸክም የሚሆንበት ቦታ

ዳሰሳው ሚዛናዊ የሚሆነው በእምነት ስም የሚደርሰውን ጉዳትም ሲናገር ነው። የመጀመሪያው ቀን የሚቆርጥ ትንቢት ነው። በሦስት ወር ትወልጃለሽ፣ በዚህ ዓመት ቪዛው ይወጣል፣ ካንሰሩ ዛሬ ደርቋል የሚሉ አዋጆች ለጊዜው ጉባኤውን ያስጨበጭባሉ። ቀኑ ሲያልፍ ግን ነቢዩ አይጠየቅም፤ ተጠያቂዋ እምነት ጎደለሽ የምትባለው ሕመምተኛ ትሆናለች። ከበሽታዋ በላይ በደለኝነት ተጭኗት ወደ ቤቷ ትመለሳለች። የሐናንያ ቃል ዛሬም ገበያ አለው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን የተጨነቀ ሰው ነው።

ሁለተኛው እምነትንና ሕክምናን ማጋጨት ነው። ኤችአይቪ በአገራችን ብዙ ቤት ባፈረሰበት ዘመን ወደ እንጦጦ ማርያምና ወደ ሌሎች ጸበሎች የጎረፈው ሕመምተኛ ብዙ ነበር። ዕድሜ ማራዘሚያ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት ሲጀምር ጸበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒት መውሰድ የለበትም የሚል አመለካከት የብዙዎችን ሕይወት ለአደጋ አጋለጠ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውን፣ ጸበሉን እየተጠመቁ መድኃኒቱን መውሰድ እንደሚቻል በይፋ መናገራቸው ትልቅ እፎይታ ነበር። ዛሬም ለአእምሮ ሕመም፣ ለሚጥል በሽታ፣ ለስኳርና ለደም ግፊት ይኸው መልእክት ከየደጁ ሊሰማ ይገባል።

ሦስተኛው በደልን ትዕግሥት ብሎ ማስቻል ነው። ባሏ የሚደበድባትን ሴት «መስቀልሽ ነው፤ ቻዪው» ብሎ መመለስ፣ ደመወዟን የተነጠቀች ሠራተኛን «እግዚአብሔር ያያል» ብሎ ማሰናበት የክርስቶስን መስቀል ለበዳይ መሸሸጊያ ማድረግ ነው። የማይቀር መከራና ሊቀር የሚችል በደል ተለያይተው መታየት አለባቸው። ለመጀመሪያው ጸጋ እንለምናለን፤ ለሁለተኛው ግን ጸጋም ፍትሕም እንሻለን።

እዚህ ላይ በ1844 እ.ኤ.አ. ካርል ማርክስ ሃይማኖትን በማደንዘዣ የመሰለበት ትችት ይነሣል። ትችቱ ባዶ አይደለም፤ ሃይማኖት ድሆችን ዝም ለማሰኘት ያገለገለበት ጊዜ አለ። ታሪክ ግን ሌላም ገጽ አለው። ጥቁር አሜሪካውያን ባሮች ከጌቶቻቸው የሰሙትን ወንጌል ወደ ነጻነት ዝማሬ ለውጠውታል፤ የሃይማኖት ሊቁ ጄምስ ኮን በ1972 እ.ኤ.አ. ስለ እነዚህ ዝማሬዎች ሲጽፍ ያሳየው ይህንኑ ነው። በዚያው ዓመት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በዋና ጸሐፊነት ያገለግሏት የነበረችው መካነ ኢየሱስ ወንጌልን መስበክና ሰውን ከድህነት ማውጣት ሊነጣጠሉ እንደማይገባ የሚያስረዳ ደብዳቤ ለውጭ ረጂዎቿ ልካለች። ጀርመናዊው ዩርገን ሞልትማን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዞች የምርኮኞች ካምፕ ሳለ የልቅሶ መዝሙርና ክርስቶስ በመስቀል ላይ የጮኸው ጩኸት ልቡን እንደነኩት መስክሯል፤ በኋላም እግዚአብሔር ከሚሠቃዩት ጋር የሚሠቃይ አምላክ መሆኑን አስተማረ። እንዲህ ያለ አምላክ የሚያመልክ ሰው የወንድሙን ሥቃይ አይቶ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አይችልም።

ከዚህ ምን እንይዛለን?

ምስክሮቹ ከተለያየ ዘመንና ቦታ ቢመጡም በአንድ ነገር ይገናኛሉ። መጽሐፈ ኢዮብና ዳዊት ማልቀስን ይፈቅዳሉ። ማር ይስሐቅ ጸሎት በደረቀ ጊዜ በኣትህን አትልቀቅ ይላል። ወላይታና መሠረተ ክርስቶስ በስንቅና በትንሽ ኅብረት እንደጸኑ ያሳያሉ። ተመራማሪዎቹም እግዚአብሔርን ወዳጅ አድርጎ ከሰዎች ጋር የሚያመልክ ሰው የተሻለ እንደሚሸከም ያመለክታሉ። የጥያቄያችን መልስ ያለው በዚህ መገናኛ ላይ ነው፦ እምነት በረጅም መከራ ውስጥ ብርታት የሚሆነው ሰው ከእግዚአብሔርም ከሰውም እንዳይለይ ሲያደርገው ነው።

በመከራ ውስጥ ላለ ሰው ምክሩ ቀላል ነው። አጭር ጸሎት ያዝ፤ ስትደክም በሌሎች ቃል ጸልይ፤ መድኃኒትህን አታቋርጥ፤ በደል ካለ ለሚረዳህ ሰው ተናገር፤ ማልቀስህን እንደ ክህደት አትቁጠረው።

ከባዱ ኃላፊነት ያለው ግን በጤነኞቹ ላይ ነው። ሰባኪ ቀን ከመቁረጥ ይታቀብ። ነፍስ አባት የንስሐ ልጁን ኃጢአት ብቻ ሳይሆን ድካሙንም ይስማ። የጽዋ ማኅበር፣ ሰንበቴና የቤት ኅብረት በሕመም ከዓመት በላይ የቆዩ አባሎቻቸውን ስም ይዘው በተራ ይጠይቁ፤ የሕመምተኛውን ብቻ ሳይሆን የአስታማሚውንም ሌሊት አንድ ጊዜ ተረክበው ያሳርፉ፤ የትራንስፖርትና የመድኃኒት ወጪውን ይካፈሉ። በሦስተኛው ዓመት የሚደወል ስልክ በመጀመሪያው ሳምንት ከሚደወለው ይበልጣል። «እግዚአብሔር ያበርታህ» የሚለው ምርቃታችን እውነት የሚሆነው እግዚአብሔር ሰውን የሚያበረታበት አንዱ መንገድ እኛ ራሳችን መሆናችንን ስንቀበል ነው።